ገጽ ሃያ ሦስት

ፔይፕሲ ሐይቅ ዳር ነው መንደራችን፤ አፈሩ ሽንኩርት፣ አየሩ ዓሣ፤
የሚመለስልኝ መጽሐፍ ሁሉ ጢስ ጢስ ይሸታል ገጹ ሲነሣ።

ማታ፣ ልጆቹ ሲሄዱ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣
መርፌና ክር፣ ሙጫና ሰም ከመሳቢያዬ ደርድሬ፣
ቁስለኞቹን በየተራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛለሁ፤
በማን እጅ እንዳለፉ ከጠባሳቸው አውቃለሁ።

ይኼ የታሪክ ነው፤ ስለ ግንብ፣ ስለ ከበባ፣ ስለ ረኃብ፤
አንዱ ልጅ በእርሳስ ገብቶ፣ ለተከበቡት ሲያስብ፣
በየመስኮቱ ዳቦ ሥሏል፣ ለፈረሶቹም ገለባ፤
ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ስንቅ ወደ ግንቡ ገባ።

ይኼ ደግሞ ተረት ነው፤ ጨረቃ ስለ ዋጠች እንቁራሪት፤
የሃያ ክረምት ትንንሽ ጣት ሆዷን ሲዳብስ፣ ሲጠይቃት፣
ወረቀቱ ሳስቶ ሳስቶ፣ መብራት ፊት ስይዘው ያበራል፤
ይኼን አልጠግንም። አንዳንዱ ቁስል ሳይድን ያምራል።

ሦስተኛው ሰማያዊ ነው፤ ስለ ሐይቃችን የተጻፈ፤
ስለ ሸምበቆው፣ ስለ ወፉ፣ ስለ በረዶው ጠባይ።
ሃያ ሁለት ላይ ደርሶ ይዘላል፤
ሃያ አምስት ላይ ይወድቃል።
በመካከል አንድ ቅጠል የለም።
አልተቀደደም። ተቆርጧል፤ በምላጭ፣ ከስፌቱ ሥር ሥር፣
ሌላውን ገጽ ላለማሳመም በሚጠነቀቅ እጅ።

እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር። ነጭ ወረቀት ሰፋሁበት፤
«የጎደለውን እናንተ ሙሉ» ብዬ በእርሳስ ጻፍሁበት።
ሞሉት። ሄሌሪ በጀርባው ድልድይ ሣለች፣ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ፤
ታናሿ ኡኩ ከሥሩ ዓሣ ነባሪ ጨመረ፣ የሱፍ ቆብ የሚለብስ።
«በሐይቃችን ዓሣ ነባሪ የለም» ብለው፣
«ገና እየመጣ ነው» አለኝ።

መጋቢት ላይ ካውር መጣ፤
ስድሳ የሞላው ዓሣ አጥማጅ፣ እጁ እንደ መቅዘፊያ ሰፊ።
ለመጽሐፍ ብሎ ደጄን ረግጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አላፊ።
በረዶውን ከጫማው አራግፎ፣ ቆቡን በብብቱ ይዞ፣
«ሄልዩ» አለኝ። ሌላ ቃል እስኪመጣለት ቆመ፣ ፈዞ።
ከደረቱ ኪስ ፖስታ አወጣ።

ገጽ ሃያ ሦስት፦ «በረዶው በጸደይ እንዴት እንደሚሰበር።»
ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው አለ፣ መንሸራተቻ የሚጎትት፤
ከእግሩ ፊት ቀጭን ስንጥቅ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ። «አባቴ በዚያ መጋቢት ወጥቶ ቀረ።
መጽሐፉ ይኼን ባይናገር፣ በረዶው አያውቅም መስሎኝ ነበረ፤
እንዴት እንደሚሰበር።»

ምን ይባላል? ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርሁ፤ አልጎደለውም።
ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ሥዕሉን አየሁ። የሰውየው ወገብ ላይ
በልጅ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ ገመድ ታስሯል፤
ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ በበረዶው ላይ ሄዶ
ምላጩ ካለፈበት ጠርዝ ድረስ።

«ቅጣቱ ስንት ነው?» አለ፣ ወደ በሩ ሲራመድ።
ሃምሳ ሦስት ዓመት ባባዛው ጀልባውን ከነመረቡ ይወስዳል።
«በሽንኩርት ክፈል» አልሁት። በማግስቱ አንድ ጉንጉን እጀታው ላይ ተሰቅሏል።

ነጩን ወረቀት አልነቀልሁም። ቅጠሉን ከጎኑ ሰፋሁት፤
ግራው የሄሌሪ ድልድይ፣ ቀኙ የካውር አባት።
ክሩን ቋጥሬ፣ በጥርሴ በጥሼ፣ ገለጥ አድርጌ ሳየው፣
ቀዩ ገመድ ከድልድዩ ምሰሶ
አንድ ጣት ያህል ይቀረዋል።

እርሳሱ አጠገቤ ነበር። አላነሣሁትም።
ነገ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ
እየተሯሯጡ ይመጣሉ።